ከበርሜሉ ጀርባ የቀረችው

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ዓይኔን ግንባር ያድርገው። እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምል እናቴ ከሞተች ቆየች፤ በሞተ ሰው መማል ደግሞ እኔ እንኳ የማላደርገው ማጭበርበር ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች፣ "እሱ እኮ የበላውን ቁርስ ሲያወራ እንኳ አንድ እንቁላል ይጨምራል" ይላሉ። አልክድም፣ እጨምራለሁ። ትምህርቴም ቢሆን አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ከውስጥ፣ አምስተኛን አንድ ጊዜ በመስኮት ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ዛሬ እንቁላሉን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ሰፈሩ ሁሉ ረስቶት ጋሽ መቀስ ይለዋል፤ ሚስቱ ራሷ "አንተ መቀስ" እያለች ነበር የምትጠራው። ፀጉር ቤቱ መንገድ ዳር ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ የምላጭ መሳያ ቆዳ። ከፀጉር ቤቱ ጎን መኝታ ክፍላቸው፣ ከሁለቱ ጀርባ ደግሞ ስምንት እርምጃ በአምስት የሆነች ጓሮ። ጓሮዋ በሁለት መስኮት ትታያለች፤ አንዱ ከመስታወቱ አጠገብ፣ አንዱ ከአልጋቸው ራስጌ።

ጋሽ መቀስ አንድ በሽታ አለበት። ያልተስተካከለ ነገር ማየት አይችልም። አዲስ መጥረጊያ ከተገዛ መጀመሪያ ጭራው ይከረከማል። ባንክ ቤት ተሰልፎ ከፊቱ የቆመው ሰውዬ ማጅራት ላይ ሦስት የተረሱ የፀጉር ክሮች አይቶ፣ ከኪሱ መቀስ አውጥቶ ቀስ አድርጎ ሲያነሳቸው ሰውየው ንፋስ መስሎት ኮሌታውን ቀና አደረገ። የጎረቤት ድመት ጢሟ በግራ በኩል በልጦ ስላስቸገረው አንድ ቀን ይዞ አስተካከለላት፤ ድመቷ ሳምንቱን ሙሉ በር እየሳተች ግድግዳ ስትገጭ ከረመች። የሰርጋቸው ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ ካሜራውን ሲያይ እሱ ብቻ ወደ ጎን ያያል። ምን እያየ እንደሆነ ብትጠይቁት፣ "የፎቶ አንሺው የጆሮ ግንድ ፀጉር አንዱ ከአንዱ ይረዝም ነበር" ይላችኋል።

ሚስቱ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ካውያ ይዛ የምትውል ሴት ነበረች። ስታገባው ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ የትራስ ልብስ ነው። የትራስ ልብሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርት የምለው ሌላ ስም ስለማላውቅለት ነው እንጂ የአበባ ነው፤ ቡናማ ልጣጭ ያለው፣ ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ጢም ያበቀለ። ተቀብሮ ብርዱን ከጠገበ በኋላ እንደ ጎራዴ የረዘመ ቅጠል ያወጣል፤ ከቅጠሉ መሀል ደግሞ ቢጫ አበባ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ስኒ የያዘ የሚመስል።

ይህን ሁሉ ግን ባል አያውቅም። በተጋቡ በአራተኛው ቀን ሚስቱን ሊያስደስት በጠዋት ተነስቶ አንዱን ልጦ፣ ከትፎ፣ በዘይት ጠበሰው። እሷ ከእንቅልፏ ነቅታ ስትወጣ እሱ ግማሹን ጨርሷል።

"ምንድነው የምትበላው?"

"ሽንኩርት ነው፤ ትንሽ ይመራል እንጂ..."

"እናቴን በላሃት!" ብላ ጮኸች።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ዋለ፣ አደረ። መርዝ ነዋ! እሷም ግንባሩን ይዛ ስታስመልሰው አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ትሳደባለች። አሥራ አንድ ቀረ።

እነዚያ አሥራ አንዱ በየጊዜው ይወልዳሉ። በየሦስት አራት ዓመቱ ታወጣቸዋለች፤ ከጎናቸው የተለጠፉትን ልጆች በአውራ ጣቷ እየፈለቀቀች ትለያቸዋለች፤ ባረጀ ካልሲ ውስጥ አድርጋ ከበር ኋላ ጥላ ላይ ትሰቅላቸዋለች። ዝናቡ አልፎ ብርዱ ሊገባ ሲል ትተክላቸዋለች። ጉድጓዱ የሽንኩርቱን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ከሥር ውሃ እንዳይቋጥር አንድ እፍኝ አሸዋ፣ ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ጢሙ ወደ ታች። ባሏ በመጀመሪያው ዓመት ላግዝሽ ብሎ የሁሉንም ጢም ላጭቶ ጠብቋታል። ከዚያ በኋላ የእሱ ሥራ አሸዋ ማቀበል ብቻ ሆነ። ልጅ አልወለዱም፤ አበባዎቹ ግን በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ስልሳ ያህል ነዶ ሆኑ።

ችግሩ አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። ቅጠሉ ይቀራል። ይንጋደዳል፣ ይተኛል፣ ጫፉ ይገረጣል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይጠላለፋል። ጋሽ መቀስ እዚያ መስኮት አጠገብ ቆሞ ሰው ሲቆርጥ ዓይኑ ወደ ጓሮ ይሄድና መቀሱ ባዶ አየር ይቆርጣል።

"እስኪ አንዴ ብቻ፤ ጫፍ ጫፉን" ይላታል በየዓመቱ።

"አንተ መቀስ፣ ንክች እንዳታደርጋቸው።"

"ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ፀጉር እኮ ነው የሚመስሉት! ደንበኛ ምን ይለኛል?"

"ደንበኛህ ሊቆረጥ ነው የሚመጣው ወይስ ጓሮዬን ሊገመግም? እየበሉ ነው፣ ተዋቸው። የከርሞውን አበባ የሚሠሩት አሁን ነው። ፀሐይዋን የሚጎርሱት በቅጠላቸው ነው፤ እሱን ከቆረጥክባቸው ጦማቸውን ይተኛሉ፤ ከርሞ ባዶ ቅጠል ይዘው ይነሳሉ።"

"እሺ መቼ ነው የሚቆረጡት?"

"መቁረጥ የሚባል የለም። ራሳቸው ይደርቃሉ። ያኔ ሳብ ስታደርጋቸው ያለ ትግል እጅህ ላይ ይቀራሉ።"

እንዲህ ብላም አታምነውም። አበባው በረገፈ ማግስት ከቁምሳጥን አረንጓዴ መጋረጃ አውጥታ የፀጉር ቤቱን መስኮት ትከልለዋለች። ሰባት ሳምንት ያህል ተሰቅሎ ይከርማል። እኛ ደንበኞቹ መጋረጃው ሲሰቀል "ጋሽ መቀስ ታሰረ" እንላለን፤ ሲወርድ "ተፈታ" እንላለን። የመኝታ ቤቱን መስኮት ደግሞ በጀርባዋ ትከልለዋለች፤ በዚያ በኩል ትተኛለች፤ ጀርባዋም ሰፊ ነበር።

አንድ ዓመት፣ አበባው በረገፈ ሰሞን፣ ሆዷን አመማት። ሐኪም ቤት አስተኟት፣ ቀደዷት፣ ሰፏት፣ አምስት ሳምንት ያዟት። መጋረጃው ታጥቦ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ የሚሰቅለው ሰው የለም። ጀርባዋም ከአልጋው የለም። ሁለቱም መስኮት ባዶ ሆነ።

ጋሽ መቀስ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ከሰዓት ተመልሶ ሱቁን ይከፍታል፤ ፀጉር እየቆረጠ ጓሮውን ያያል። ቻለ። አራት ሳምንት ቻለ። በአምስተኛው ሳምንት "ነገ ትወጣለች" ተባለ። ያን ቀን ሱቁን ዘጋና ቤቱን ያጸዳ ጀመር። ወለሉን በሳሙና አሸ፤ አንሶላ ቀየረ፤ መስታወቱን በጋዜጣ ወለወለ። ጫማዎቿን በመስመር አሰለፋቸው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የምታየውን ለማየት ወደ ውጭ ተመለከተ። ያ ሁሉ ቅጠል ወድቋል። የወደቀ ነገር ማየት አልፈለገም። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ይህንኑ ነው የሚለኝ።

ሙያውን ካስተማረው ጌታው የወረሰውን፣ ለሙሽራ ብቻ የሚያወጣውን መቀስ ይዞ ወጣ። ተንበርክኮ እያንዳንዱን ነዶ በውሃ እየረጨ፣ በማበጠሪያ እያቀና፣ ሁለት ጣት ላይ ከረከመው። ዓይኑን እንባ እየሞላው በክንዱ እየጠረገ ቆረጠ። ሲጨርስ ከቆዳ የማይለይ ልማድ ሆኖበት ኮሎኝ ረጨባቸው። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ ሚስቱ በታላቅ እህቷ ትከሻ ተደግፋ ገባች። እህትየዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ምላሷ ሰው አይምርም። አልጋው ላይ አስቀመጧት። ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አንተ ሰው!" አለች እህትየዋ። "እጅህን ሰብስበህ መቀመጥ አቃተህ? የእናቴን አበባ..."

"እትዬ፣ ተይው" አለች ሚስቱ። አሁንም ወደ ውጭ እያየች፣ "አምሮባቸዋል። ምልምል ወታደር መስለዋል" አለች። አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። "ኮሎኝ ረጭተህባቸዋል እንዴ?"

"ትንሽ።"

ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እህትየዋ ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቁ አለቀ።

"ከርሞ አያብቡም" አለች ሚስቱ በመጨረሻ፤ ዳቦ አልቋል እንደማለት ቀለል አድርጋ።

"ከከርሞ ወዲያስ?"

"የከርሞውን ቅጠል ካልነካህባቸው ከከርሞ ወዲያ ያብባሉ።"

ጋሽ መቀስ ክው አለ። ያን ቀን ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ወደ ጎን ወስዶ፣ "አንድ ዓመት፤ ጥሩ ቢሆን ትንሽ ፈቅ ይላል" ብሎታል። ለእሷም ነግሯታል። እሱ እሷ አታውቅም ብሎ፣ እሷ እሱ አያውቅም ብላ፣ ሁለቱም ወደ ጓሮ አዩ። የሚቀራት አንድ የአበባ ወቅት ነው፤ እሱንም ባሏ ቆርጦታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አንድ ጉዳይ ብቻ ኖረው። አንዲት አበባ። ስልሳው ይቅር፤ አንዲት ብቻ፣ እሷ ዓይኗ እያየ።

ሽንኩርቶቹ እንቅልፍ በያዛቸው ጊዜ አንዱን በመሐረብ ጠቅልሎ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ችግኝ ሻጩ በቆርቆሮ ጣሳ ተክል እየደረደረ በላስቲክ ጥላ ሥር የሚውል ሰው ነው።

"ጌታው፣ ይህን ዓይነት ከየት አመጣህ? በድሮ ሰዎች ግቢ ካልሆነ የለም።"

"አምጣልኝ አይደለም የምልህ፤ ከርሞ እንዲያብብ አድርግልኝ ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ቅጠሉ በአረንጓዴው ተቆርጦ።"

"በምን ቆረጥከው?"

"በፀጉር መቀስ።"

ችግኝ ሻጩ ጣሳውን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ለምን ብለህ?"

"ተንጨባረረብኝ።"

ሰውየው ደግሞ ሊስቅ አፉን ከፍቶ የጋሽ መቀስን ፊት ሲያይ ዘጋው። "ቤትህ የታመመ ሰው አለ?" አለው። መልስ አልጠበቀም። "ተመልከት፤ አመድ አድርግ፣ የበሰበሰ ቅጠል አድርግ። ፀጉርም ለአፈር ጥሩ ምግብ ነው፤ አንተ ደግሞ ፀጉር አታጣም። ግን አልዋሽህም፤ አበባ የሚሠራው ቅጠል ነው። የጎደለውን ቅጠል አፈር አይተካውም።"

ጋሽ መቀስ "ፀጉር" ከተባለ በኋላ ያለውን አልሰማም።

በማግስቱ በሩ ላይ "ረጅም ፀጉር ያለው በነፃ ይስተናገዳል" ብሎ ለጠፈ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሠላሳ ዓመት ጢሙን ያልተነካ ጡረተኛ ወታደር እንኳ አገጩን ይዞ እየተከዘ ተቀመጠለት፤ ሲላጭ የገዛ ሚስቱ አላወቀችውም፣ "ማንን ፈለጉ?" ብላ በሩን ዘጋችበት። እኔም የጎፈርኩትን ሰጠሁ። የስድስት ጆንያ ፀጉር ጓሮው ውስጥ ተቀበረ። ዝናብ ሲመጣ ከመሬቱ አንዳንዱ ብቅ ብቅ እያለ አፈሩ ራሱ ጎፈሬ ያበቀለ መሰለ፤ ጢሟ የተቆረጠው ድመት እንኳ ከአጥሩ ሆና አይታ ወደ ኋላ ተመለሰች።

የጋሽ መቀስ ሚስት በመስኮት እያየች፣ "ሰፈሩን ሁሉ እኮ ቀበርክልኝ" ትለው ነበር።

ሌላም ሞክሯል። አንድ ቀን በጣሳ ያበበ ቀይ አበባ ገዝቶ ራስጌዋ አስቀመጠ። እጇን አንቀሳቅሳ ቅጠሉን ነካችውና፣ "ያምራል። የማን ነው?" አለችው። የእናቷ አልነበረማ። ጣሳውን አንስቶ ፀጉር ቤት ወሰደው፤ እዚያ ደረቀ።

ብርዱ ገብቶ ወጣ። ቅጠሎቹ አፈሩን ቀድደው ብቅ አሉ። እንደዚያ ያለ ቅጠል ሰው አላየም፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጉልበት ድረስ! ጋሽ መቀስ በየጠዋቱ በማበጠሪያ እየከፈለ፣ ሽበት እንደሚፈልግ ሰው በየነዶው መሀል እንቡጥ ይፈልጋል። ስልሳውንም ይፈትሻል። ከዚያ በመስኮቱ ያያታል።

"አለ?" ትለዋለች።

"ገና ነው።"

በማግስቱም "አለ?"፤ በማግስቱም "ገና ነው።" ሌላ ዓመት ቢሆን አበባው ወጥቶ፣ ቆይቶ የሚረግፍበት ቀን ደረሰ። እሱ አሁንም "ገና ነው" ይላል። ድምፁ ግን እየቀጠነ ሄደ። እሷም እየቀጠነች ሄደች። ያ መስኮት የሚከልለው ጀርባ አሁን የልጅ ጀርባ አክሏል፤ በላዩ አሳልፎ ጓሮው ሁሉ ይታያል።

አንድ ቀን ጠራችው። "በቃህ፤ አትፈልግ" አለችው። "ቅጠሉም ደስ ብሎኛል። እናቴ ቤት እያለን ቅጠሉን ከቁም ነገር አንቆጥረውም ነበር፤ አበባውን ብቻ ነው የምናየው። ዘንድሮ ነው በደንብ ያየሁት። ነፋስ ሲመጣ እኮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ዘንበል የሚሉት፤ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲህ ሲወድቁ እንዳትነካቸው። መጋረጃዬን ስቀል።"

"እሰቅላለሁ።"

"አንተ ራስህ። እትዬን እንዳታዝ።"

"እኔው ራሴ እሰቅላለሁ፣ እመቤቴ።"

ጉንጩን ነካችው። "ጢምህ አድጓል" አለችው። እውነትም ሦስት ሳምንት አልተላጨም ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀመጥ ደንበኛ ነኝ። የቀኝ ጎኔን ጨርሶ ወደ ግራ ሊዞር ሲል የቧንቧው ውሃ ቀጥ አለ። "መጣሁ" ብሎ ጣሳ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ጓሮው ጥግ ላይ ከአሸንዳው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ። በርሜሉና ግድግዳው መሀል አንድ ስንዝር ክፍተት አለች። ጎንበስ ብሎ ጣሳውን ሲነክር፣ ከዚያች ክፍተት አንድ ነገር አንገቱን አስግጎ አየ።

ቢጫ ነው።

ከዓመታት በፊት ሚስቱ ስትለያያቸው ከእጇ አፈትልካ የወደቀች አንዲት የሽንኩርት ልጅ እዚያ በቅላ አድጋ ኖሯል። ያን የቆረጠ ቀን እንባ ዓይኑን ጋርዶት፣ እጁም ሳይደርስባት፣ ሳያያት አልፏታል። ሠላሳ ዓመት ከሰው ራስ ላይ አንድ ክር ሳይረሳ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን አንድ ነዶ ሙሉ ረስቶ ነበር። ቅጠሏን ጠግባ በልታ ከርማ፣ ጥላ ስላለባት ዘግይታ፣ አሁን አበበች።

ጣሳው ከእጁ ወደቀ። በርሜሉን ከነውሃው አቅፎ ገፋው፤ እንዴት እንደገፋው አላውቅም፤ ለሁለት ሰው የሚከብድ በርሜል ነው። በጣቱ ዙሪያዋን ቆፍሮ፣ ሥሯን ሳይነካ ከነአፈሯ አነሳት። ማስቀመጫ ስላጣ የመላጫ ሳህኑን ከፊቴ ነጥቆ አረፋውን ደፍቶ እዚያ ውስጥ ተከላት። ይዟት ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጠ። እኔም ሽርጡን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ፣ ግማሽ ራሴ ተቆርጦ ተከተልኩት።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች። ሳህኑን ትራሷ አጠገብ አስቀመጠላት። ብዙ አየቻት። አንዴ አበባዋን፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ ክርኑ ድረስ የተለቀለቀውን ጭቃ። ከየት እንደመጣች ነገራት። ከዚያ ያ ሳቋ መጣ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

"አንተ መቀስ" አለችው፤ "ከጆሮ ጀርባ ረስተሃል።"

ሰኞ ዕለት ሞተች።

እኔ ግማሽ ራሴን እንደያዝኩ ሁለት ሳምንት ዞርኩ፤ ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ ክህደት መሰለኝ። ሦስት ጎረምሶች አዲስ ፋሽን መስሏቸው ኮርጀውኛል።

ጋሽ መቀስ ያቺን አበባ ከነሳህኑ መልሶ ከበርሜሉ ጀርባ ተከላት። የስልሳዎቹ ቅጠል መውደቅ ሲጀምር መዶሻና ምስማር ይዞ ወንበር ላይ ወጣ፤ አረንጓዴውን መጋረጃ ራሱ ሰቀለ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ግን የሚከልልለት አልነበረም። በእሷ ቦታ ተኝቶ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ሰባት ሳምንት አደረ።

በዓመቱ ጓሮው በሙሉ ቢጫ ሆነ። ስልሳውም አበበ። እህትየዋ መጥታ መስኮቱ ላይ ቆመች፤ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት አንድም ቃል ሳትናገር ተመልሳ ሄደች። እሱ ሱቁን ከፍቶ ፀጉር ሲቆርጥ ዋለ። አንዴም ዞሮ አላየም።

አሁንም ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀመጥለታለሁ። እጁ ያው እጅ ነው፤ ፊትና ኋላው አንድ ክር አይዛነፍም። ግን ከዚያ ወዲህ ከሚቆርጠው ሰው ሁሉ ከግራ ጆሮ ጀርባ አንዲት ቁንጥር ፀጉር ትቶ ያልፋል። እያወቀ ነው። እኛም እናውቃለን፤ ማናችንም አንጠይቀውም። መንገድ ላይ ጆሮው ጀርባ ጭፍርር ያለ ሰው ካያችሁ የእኛ ሰፈር ሰው ነው።

እንግዲህ እናንተ የድመቷን ጢም ትጠረጥሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ድመቷ ዛሬም በሩን ለክታ ነው የምታልፈው። የስድስቱ ጆንያ ፀጉርም እውነት ነው። ኮሎኙም እውነት ነው። መጋረጃውም አለ። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ አልሞተችም። የሞተችው ከዚያች ቅዳሜ በፊት በነበረው ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ሱቁን የከፈተው ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተው ነበር፤ እኔም የሄድኩት ብቻውን እንዳይሆን ብዬ እንጂ ፀጉሬ አላደገም። ሳህኑን ይዞ ሲሮጥ ተከትዬው ገብቻለሁ፤ አልጋው ግን ተነጥፎ፣ አንሶላው ታጥፎ ነበር። ሳህኑን ትራሱ ላይ አስቀመጠ። ብዙ ቆመ። ከዚያ "አንተ መቀስ፣ ከጆሮ ጀርባ ረስተሃል" አለ፤ ራሱ፣ በእሷ ድምፅ። እኔ ነኝ ቃሉን ወስጄ ለእሷ የሰጠኋት፤ አምስት ቀንም የጨመርኩላት። መጀመሪያ ላይ ውሸት ካለበት ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ነበር።

ያድርገው።